ሦስተኛ መደብ

ሳቢሃ ጮኻ አታውቅም። ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ የቡና ከተሞች በአንዷ ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ እዚያው ባሏን ቀብራ፣ አምሳ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ድምፅዋን ከአጥር ውጭ የሰማ ሰው ጥቂት ነው። ሰርግ ቤት እልልታው ሲቀልጥ እንኳ እሷ የሻሽዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ በዓይኗ ብቻ ነበር የምትደሰተው። ባለሱቅ ስኳር ቢያጎድልባት ዝም ብላ ተቀብላ፣ ቤቷ ከገባች በኋላ ነበር የምትቆጣው፤ ያም ቁጣ ድስት ሲታጠብ አብሮ ይታጠብ ነበር። ስለዚህ በዚያ ሐሙስ ማዘጋጃ ቤት ያደረገችውን የሰሙ ብዙዎች መጀመሪያ ሌላ ሳቢሃ መስላቸው ነበር።

ሥራዋ ቡና መልቀም ነው፤ ከዛፍ ላይ ሳይሆን ተፈልፍሎ መጋዘን የገባውን። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሴቶቹ ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ ይቀመጣሉ፤ ቡናው መሐላቸው ይዘረገፋል። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበሳውን እየለዩ ያወጣሉ። ሳቢሃ በዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይታለች። ጣቷ ከዓይኗ ይቀድማል ይሏታል። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ የሞተ ፍሬ አለ፤ ነጣ ይላል፣ ሲነኩት ይቀላል። ሌሎቹ ሴቶች እንዲህ ያለውን ሲጠራጠሩ ወደ እሷ ይወረውሩታል፤ እሷም በሁለት ጣቷ ይዛ ቀና ሳትል ወደ አንዱ ወገን ትጥለዋለች። ተሳስታ አይተዋት አያውቁም።

ባሏ ሙርሺድ የቡና ማሳ ጠባቂ ነበር። ቡናው መቅላት ሲጀምር ጦጣና ዝንጀሮ ስለሚወርዱበት ሦስት ወር ያህል ማሳው ውስጥ ጎጆ ሠርቶ ይከርም ነበር። አንድ ዓመት ከዚያ ሲመለስ በካፖርቱ ኪስ ቡችላ ይዞ መጣ። ድፍን ጥቁር ስለሆነ ስሙን በኦሮምኛ ጉራቻ አለው። ጉራቻ በጉልምስናው ከዝንጀሮ ጋር ተናንቆ የግራ ጆሮው እንደ ቅጠል ተተርትሯል። ግን ሙርሺድ በጉበት ታሞ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነ፤ ጉራቻም ማሳውን ትቶ መጥቶ አጥር በሩ ሥር ከተኛ ስድስት ዓመቱ ነው። የፊት ጥርሶቹን በቅሎ ረግጣ አወለቀችበት፤ የቀሩትን እርጅና ወሰደ። አንድ ዓይኑ እንደ ሩዝ ውሃ ነጥቷል። ሳቢሃ የደረቀ ዳቦ በውሃ እያራሰች በተቆረጠ ጀሪካን ታቀርብለታለች።

ነክታው ግን አታውቅም። የውሻ ምራቅ የነካው እጅ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱ አንዱን በአፈር ካልታጠበ እንደማይጠራ በልጅነቷ ተምራለች። ስለዚህ ጀሪካኑን በረጅም እንጨት እየገፋች ነበር የምታቀርበው፤ ለሶላት ውዱእ አድርጋ ከሆነ በወዲያኛው በኩል ዞራ ታልፋለች። እሱም ይህን ያወቀ ይመስል ስትመጣ ተነሥቶ መንገድ ይለቅላታል። ስድስት ዓመት እንዲህ ሳይነካኩ፣ ሁለቱም የሙርሺድ ሆነው፣ አንድ ግቢ ኖሩ። አንዳንድ ጊዜ ልብስ እያሰጣች ታወራዋለች። የምታወራው የዝናቡን፣ የጉልበቷን፣ የጎረቤቷን የነጅላን ነገር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በታኅሣሥ ነው። የምትሠራበት መጋዘን የአቶ ፈየራ ነው። አቶ ፈየራ ቡና ነጋዴ ነው፤ ሁለት የጭነት መኪና፣ አንድ መፈልፈያ፣ አንድ ኮማንደር የሚባል ውሻ አለው። ኮማንደር ቡናማ ነው፣ አንገቱ ከጭንቅላቱ ይወፍራል፣ ቀን ቀን መታሰር ሲገባው ግቢ ውስጥ ይለቀቃል። የዚያን ቀን ጠዋት ሳቢሃ አንድ እግሯን የመጋዘኑ በር ውስጥ አስገብታ ሌላው ገና መንገድ ላይ እያለ፣ ኮማንደር ከጭነት መኪናው የኋላ ጎማ ሥር ወጥቶ ባቷን ያዛት። ሁለት ሰዎች በአካፋ ደብድበው ነው ያስለቀቁት። አቶ ፈየራ ከቢሮው ወጥቶ ደሙን አይቶ፣ ሰው የሚያውቅ ውሻ ነው፣ ምን አድርገሽው ነው አላት። እሷም ምንም አላደረግሁት ብላ ይቅርታ ጠየቀችው። በኋላ ያንን ይቅርታ ባስታወሰች ቁጥር ባቷ ሳይሆን ጉንጯ ነበር የሚቃጠለው።

የእብድ ውሻ መከላከያው እዚያ ስለሌለ ለእያንዳንዱ መርፌ ጅማ ድረስ ተመላለሰች። ቁስሉ እስኪደርቅ ቤት ዋለች። ለቃሚዎቹ ሴቶች ግን ዝም አላሉም፤ ማመልከቻ አጽፈው የሚፈርሙት ፈረሙ፣ የማይችሉት አሻራቸውን አኖሩ፣ የሳቢሃን ስም ከሁሉም በላይ አስቀምጠው ለከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ሰጡ። ከዚያ በፊትም ሁለት ሰው ተነክሶ ነበርና ማዘጋጃ ቤቱ ደንብ አወጣ። ውሻ ሁሉ ይመዘገባል፤ በሦስት መደብም ይከፈላል። አንደኛ መደብ ሰላማዊ ውሻ ነው፣ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ቆርቆሮ ያደርጋል። ሁለተኛው የጥበቃ ውሻ ነው፣ ቢጫ። ሦስተኛው አደገኛ ነው፣ ቀይ። ሦስተኛ መደብ የተባለ ውሻ ያለው ሰው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የብረት ቤት አሠርቶ፣ የአፍ መሸፈኛ አድርጎ ካላሰረው ውሻው ይወገዳል። ይወገዳል ማለት ምን እንደሆነ እዚያ የማያውቅ የለም። መርዝ የተለወሰ ሥጋ ማለት ነው።

ሳቢሃ ደንቡ ወጣ ሲሏት ደስ አላት። ለማንም አልተናገረችም፤ ግን ለአንድ ሳምንት ያህል ስትራመድ ቀና ብላ ነበር።

መዝጋቢዎቹ በመጋቢት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መጡ። ሳቢሃ ብቻዋን ነበረች። አጥር በሩ ተንኳኳ፤ የማታውቀው የወንድ ድምፅ፣ ከኋላው ሌላ የማታውቀው የወንድ ድምፅ። በዚያ ሰፈር ብቻዋን የምትኖር ሴት እንዲህ ሲንኳኳባት የምታደርገው የታወቀ ነው። አትከፍትም፤ ከውስጥ ትመልሳለች። ውሻ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አለ አለች። ይናከሳል ወይ አሉ። ይናከሳል፣ እንዳትገቡ አለች። ሰው ነክሶ ያውቃል ወይ አሉ። ብዙ ሰው ነክሷል አለች። እግሯ ሥር ጉራቻ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ያንኮራፋ ነበር።

ዋሸሁ ብላ አላሰበችም። ማን ነው ሲሉ ሰው ነኝ እንደሚባለው ነው። እናቷም እንዲሁ ነበር የምትለው፤ ነጅላም እንዲሁ ነው የምትለው። የመንገዱ አጥር በር ሁሉ በቀለም በኖራ ኃይለኛ ውሻ አለ የሚል ተጽፎበታል፤ የእሷንም ሙርሺድ ከመስኮት በተረፈ ሰማያዊ ቀለም የጻፈው ጉራቻ ገና ቡችላ ሳለ ነው። ያንን ጽሑፍ እውነት ነው ብሎ ያነበበ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ከአሥር ቀን በኋላ ወረቀትና ቀይ ቆርቆሮ አመጡላት። ሳቢሃ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። ስሟን አነበበች፣ ሦስተኛ መደብ የሚለውን አነበበች፣ ይወገዳል የሚለውን አነበበች። ሻሽዋን አስተካክላ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ሰሌዳው ላይ ዝርዝሩ ተለጥፏል። ቀይ አርባ ሦስት ውሻ። የነጅላ ውሻ ከዶሮዎች ጋር የምትተኛ ቡላ ናት፤ እሷም ቀይ። መንገዱ እንዳለ ቀይ። ሳቢሃ ጣቷን ወደ ላይ እየወሰደች ኮማንደርን ፈለገችው። ከቀዮቹ ውስጥ የለም። ከቢጫዎቹም የለም። ከአረንጓዴዎቹ ሦስተኛ ተራ ላይ አገኘችው። የባለቤት ስም፣ አቶ ፈየራ። የውሻው ስም፣ ኮማንደር። ጠባይ፣ ሰላማዊ።

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ቁጣው እንደ እርጥብ እንጨት ነበር፤ መጀመሪያ ጭሶ ጭሶ ዓይኗን አስለቀሳት፣ ሲይዝ ግን ያዘ።

ምዝገባውን የያዘው ቃለሕይወት የሚባል የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ከደቡብ የመጣ ወጣት ነው፣ ጴንጤ ነው፣ ለሰው ሁሉ ተነሥቶ ወንበር ይሰጣል። ለእሷም ሰጣት። ደንቡን አንብቦ አስረዳት። ውሻ አደገኛ የሚባለው በአደባባይ ሰው ሲነክስ ነው፤ ወይም ባለቤቱ ራሱ ተናካሽ ነው ብሎ ሲያረጋግጥ፤ ወይም በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ሲጻፍ። በባለቤቱ ግቢ ውስጥ የደረሰ ንክሻ አይቆጠርም። የኮማንደር ንክሻ ግቢ ውስጥ የደረሰ ነው ተብሎ ተመዝግቧል፣ የነጋዴዎች ተወካይ ሆነው ደንቡን ካረቀቁት አንዱም አቶ ፈየራ ናቸው አላት፤ ይህን ሲናገር ወረቀቱን እንጂ እሷን አላየም።

ሳቢሃ አንዱ እግሬ ውጭ ነበር አለችው። ያንን የሚለይ ቦታ ፎርሙ ላይ የለም አላት። ከዚያ የራሷን ፎርም አወጣ። ሰው ነክሶ ያውቃል ለሚለው፣ ብዙ ሰው፤ በባለቤቷ የተረጋገጠ።

«እርስዎ ራስዎ ነዎት ያሉት እማማ» አላት ቀስ ብሎ።

«በሬን ያንኳኳው ማን ነው?» አለችው። «የማላውቀው ወንድ ነው። ብቻዬን ነኝ። ምን ልበለው ልጄ? ግባ፣ ጥርስ የለውም ልበለው?»

ቃለሕይወት እስክሪብቶውን ከፍቶ ዘጋው። ቅሬታ የሚሰማው ሐሙስ ነው፤ ግቢዋ ገብተው ውሻው ሳይነክሳቸው የወጡ ሦስት ምስክሮች ብታመጣ ሊታይላት ይችላል አላት።

ሳቢሃ ከዚያ ወጥታ ብየዳ ቤት ጎራ አለች። የብረት ቤት ስንት እንደሆነ ጠየቀች፤ ሲነግሯት አመስግና ሄደች። ከዚያ ነጅላ ዘንድ ገባች። ነጅላ አብራት ያደገች፣ ባሏ ሹፌር ሆኖ በዓመት ሁለቴ የሚመጣላት፣ አፈኛ ሴት ናት። ለሁለቱም ቀይ ቆርቆሮ ስለመጣ አንዷ ለአንዷ ትመሰክራለች ብላ ነበር ሳቢሃ ያሰበችው። ነጅላ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ማሎ ሳቢሃ፣ እባክሽ፣ የአንቺ አይናከስም ብዬ ማዘጋጃ ቤት ከጮህኩ ነገ የእኔን ይጠይቁኛል። ከነገ ወዲያ ሌባው ሁሉ የማን አጥር ባዶ እንደሆነ ቆጥሮ ይይዛል። ውሻ ሌላ ይወለዳል።»

«መርዝ ሲያበሉት ዝም ልበል?»

«አንቺ እኮ ውሻውን ነክተሽው እንኳ አታውቂም» አለቻት ነጅላ። «አሁን ከየት የመጣ ፍቅር ነው?»

ፍቅር ይሁን አይሁን ሳቢሃ አታውቅም። የምታውቀው ሌላ ነገር ነው። የነከሰው ይኖራል፣ ያልነከሰው ይሞታል፤ ሊገድለው የመጣው ወረቀት ደግሞ የወጣው በእሷ ደም፣ በእሷ ስም ነው፤ ስሟ ማመልከቻው ላይ ከሁሉም በላይ ነበር። ይህን ይዛ መተኛት አልቻለችም፤ መብላትም አስጠላት።

ማክሰኞ ሥራ ላይ ሳለች ናሙና ወሳጁ መጣ። ናሙና ወሳጅ ቡናው ሊሸጥ ሲል ሹል ቱቦውን በየጆንያው ሆድ ወግቶ ከውስጥ ፍሬ የሚያወጣ ሰው ነው። ከላይ አይወስድም፤ ከላይ ያለውን ባለቤቱ ያሳምረዋልና። ፍሬው ይታያል፣ ይቆላል፣ ይቀመሳል፣ ከዚያ በኋላ ደረጃ ይወጣለታል። አቶ ፈየራ እንደ ሁልጊዜው ከኋላው እየተከተለ ይህ አንደኛ ነው፣ ይህ አንደኛ ነው ይል ነበር፤ ናሙና ወሳጁም እንደ ሁልጊዜው አልሰማውም። ሳቢሃ እጇ ላይ የያዘችውን ፍሬ ሳትጥል ቀና ብላ አየቻቸው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ቡና ደረጃ ሲወጣለት ባለቤቱ ተጠይቆ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት የጉራቻን አንገት በቃጫ ገመድ አሰረችው። ገመዱን ከሩቅ እየወረወረች ብዙ ሞከረች፤ በመጨረሻ እሱ ራሱ መጥቶ ጭንቅላቱን አስገባላት። ማዘጋጃ ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ለጉራቻ ግን ሩቅ ነው። ሁለት ጊዜ መንገድ መሐል ተኛ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቆማ ጠበቀችው። ከገመዱ ጋር የታሰረው ቀይ ቆርቆሮ ደረቱ ላይ ይንጠለጠላል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ፍጥነቱን ቀንሶ፣ አዴ ሳቢሃ፣ አደገኛውን አጥብቀሽ ያዢ፣ ሕዝብ እንዳይጨርስ አላት። ተራ የሚጠብቁት ሌሎች ሹፌሮች ሳቁ። ሌላ ቀን ቢሆን መሬት ትገባ ነበር። ዛሬ ዞራ ሹፌሩን እስኪያፍር ድረስ አየችው።

ቅሬታ ሰሚዎቹ ሦስት ናቸው። ሰብሳቢው አቶ ወልደሰማያት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ግማሽ ከተማውን ያስተማሩ፣ አሁን ጆሯቸው ትንሽ የደከመ። ቀጥሎ ቃለሕይወት ከነፎርሙ። ሦስተኛው አቶ ፈየራ ነው። መስኮቱ ላይ ሰው ተደርድሯል፤ ከሰውም መሐል ነጅላ አለች፣ ሻሽዋን ግንባሯ ድረስ ስባ።

አቶ ፈየራ ውሻውን ሲያይ ሳቀ። ሳቢሃ፣ ይህን ሬሳ የት አገኘሽው አላት። ምስክሮቿ የት እንዳሉ ሰብሳቢው ጠየቋት። ምስክር የለኝም አለች። ድምፅዋ ስላልተሰማቸው ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

«ጋሼ፣ እኔ ቡና ለቃሚ ነኝ» አለች። «ቡና ደረጃ ሲወጣለት ባለቤቱን የሚጠይቅ የለም። ጆንያው ይወጋል፣ ፍሬው ይታያል። የእኔን ውሻ ያየው የለም። በር ላይ የተጻፈውን አነበቡ፣ ብቻዋን ያለች ሴት ስትፈራ ያለችውን ጻፉ። አሁን ይታይልኝ።»

ከዚያ ጎንበስ አለች። ከመስኮቱ አንድ ሰው አስተግፊሩላህ ሲል ተሰማ፤ ምን ልታደርግ እንደሆነ ከእሷ በፊት ገብቶት ነበር። ሳቢሃ የግራ እጇን የጉራቻ አገጭ ላይ አድርጋ አፉን ከፈተችው። የቀኝ እጇን፣ የምትበላበትን፣ ቁርኣን የምትይዝበትን እጅ፣ እስከ አንጓዋ ድረስ አስገባች። ትኩስና እርጥብ ነበር፤ ድዱ እንደ ሕፃን ድድ ለስላሳ ነው። ጉራቻ በአንድ ዓይኑ አያት፣ አልተንቀሳቀሰም። እሷም እጇን አላወጣችውም። ምራቁ በክንዷ እየወረደ እጅጌዋን አራሰው።

«ጻፈው ልጄ» አለችው ቃለሕይወትን። «ስንት ጥርስ እንዳለው መጥተህ ቁጠርና ጻፈው።»

ቃለሕይወት ተነሥቶ መጣ፣ ተንበርክኮ አየ። ከኋላ ሁለት የተበሉ መንጋጋዎች ብቻ እንዳሉ ለሰብሳቢው ጮክ ብሎ ተናገረ። እዚያ ላይ ነገሩ ሊያልቅ ነበር። አቶ ወልደሰማያት መነጽራቸውን እየወለወሉ ይህስ ግልጽ ነው ማለት ጀምረው ነበር። ሳቢሃ ግን እጇን እንደያዘች፣ ሳትጠርገው፣ ቀና አለች።

«አሁን ደግሞ አቶ ፈየራ እጃቸውን ኮማንደር አፍ ውስጥ ያስገቡ» አለች። «ሰላማዊ ነው ተብሎ ተጽፏል። መጋዘኑ እዚህ ነው፣ ሄደን እናያለን።»

አቶ ፈየራ እንደ ቀልድ ሊያልፈው ፈልጎ ፈገግ አለ፤ አንቺ ሥራሽን የረሳሽ መሰለኝ አላት። እሷ ግን እዚያው እንደቆመች ናት፤ እጇ ይንጠባጠባል።

«ያስገቡ እንጂ» አለች። «አረንጓዴ አይደለም?»

«እብድ ነኝ እንዴ!» አለ አቶ ፈየራ ጠረጴዛውን መትቶ። «እጄን ከትከሻዬ ይገነጥለዋል። እኔ እሱን ያስቀመጥኩት ሊስመኝ ነው?»

አቶ ወልደሰማያት ጆሯቸው ቢደክምም ይህን ሰሙ። ወደ ቃለሕይወት ዞረው፣ የባለቤት ቃል የሚለው አንቀጽ የትኛው ነበር አሉት። ቃለሕይወት አዲስ ፎርም አወጣ፣ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ መጻፍ ጀመረ። አቶ ፈየራ ይህ ጨዋታ ነው፣ ቀልዴን ነው አለ፤ መስኮቱ ላይ ካሉት አንዲት ለቃሚ፣ የሳቢሃም ቀልድ ነበር፣ ተጽፎባታል አለች። ሳቁ ያን ጊዜ ነው የፈነዳው። ሳቢሃ አልሳቀችም። የሚያስቅ ነገር አልታያትም።

ግቢው ውስጥ ባለው ቧንቧ ቃለሕይወት በጆግ ውሃ ቀዳላት። እሷ ከአበባው ሥር አፈር ዘግና አሸችው፣ አስፈሰሰችው፣ ቆጠረች። ለምን ሰባት እንደሆነ አልጠየቃትም፤ ግን መቁጠሩን አብሯት ያዘ፣ አምስተኛው ላይ ተሳስቶ ስድስት ሲል አረመችው። ሲጨርሱ የቀሩት አርባ ሁለቱስ ብሎ ጠየቃት፣ እሷ መልሱን የምታውቅ ይመስል። የእነሱንም አፍ ክፈት አለችው። ባለቤቶቹ መጥተው ቃላቸውን ካልቀየሩ አልችልም አላት። ቁጣዋ እንደገና ተነሣ። እሱ ላይ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ነው፣ በየበሩ ቆሞ ሴት ፈርታ ያለችውን መልሶ ማስረጃ በሚያደርገው በዚያ ጥያቄ ላይ ነው። ጉራቻን እየጎተተች በመንገዷ ያለውን አጥር በር ሁሉ አንኳኳች። ከውስጥ የሚመልሱላትን ሴቶች፣ ሳቢሃ ነኝ፣ ቅሬታ ሰሚዎቹ እስከ ስድስት ሰዓት ይቀመጣሉ፣ ውሻችሁን ይዛችሁ ሂዱ አለቻቸው።

ከመንገዱ ሰባት ባለቀይ ቤቶች አራቱ ሄዱ። ሦስቱ አልሄዱም። አይናከስም ብሎ ሰው ፊት መናገር እርቃን እንደመውጣት ሆነባቸው። ሰኞ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና መጥቶ የሦስቱን ውሻ ወሰደ፤ ከሦስቱ አንዷ የነጅላ ቡላ ናት። አቶ ፈየራ የብረት ቤት ከማሠራት ኮማንደርን ገራ ወረዳ ወዳለው የቡና መሬቱ ላከው፤ እዚያ ማን እንደሚነክስ አላህ ይወቅ። ሳቢሃንም የመጋዘኑ አሠሪ በሩ ላይ ጠብቆ፣ ከእንግዲህ ቦታ ሞልቷል አላት። አሁን የምትለቅመው በባጃጅ ወጥታ ወርዳ ሌላ መጋዘን ነው፤ መጀመሪያ ቀን ላይ የሞተ ፍሬ ሲወረውሩላት ማን እንደነገራቸው ገረማት።

ነጅላ በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ መጥታ አጥር በሩ ሥር ተቀመጠች። ዶሮዎቼ ጭር ብለው ነው የዋሉት አለች። ከዚያም ዓይኗን እየጠረገች፣ ሐሙስ መስኮቱ ላይ ቆሜ ልናገር ነበር፣ አፌ እንቢ አለኝ አለቻት።

ሳቢሃ አላጽናናቻትም። አፍሽ የሚከፈተው እኔ ላይ ነው አለቻት። ይህን በአምሳ ዓመት ጎረቤትነት ተባብለው አያውቁም። ነጅላ ተነሥታ ሄደች፤ አምስት ቀን አልተነጋገሩም። በስድስተኛው ቀን ሳቢሃ ራሷ ሄዳ ጠራቻት፤ ግን ለእርቅ አልነበረም። ነይ፣ ማዘጋጃ ቤት እንሄዳለን አለቻት፤ ያንን ይናከሳል ወይ የሚል ጥያቄ ከፎርሙ እንዲያወጡት እንጠይቃለን። ነጅላ ጫማዋን አደረገች።

ቃለሕይወት ወንበር ሰጣቸው። ደንብ የሚሻሻለው በምክር ቤት ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ አላቸው። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ይሄዳሉ፤ የሚሄዱት አምስት ሆነዋል። ከአምስቱ አንዷ ሩፈይዳ ናት፤ ውሻ ኖሯት አያውቅም፣ ከውስጥ ሆና ሁለት አሉኝ ብላ ስለነበር ሁለት ቀይ ተመዝግቦባታል፣ አሁን ውሾቹን የት እንደደበቀች ተጠይቃለች። ሌሎቹ በዚህ ይስቃሉ። ሳቢሃ ግን ሰሌዳው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ ሻሽዋን አጥብቃ፣ ስሟ እስኪጠራ ቁጭ ትላለች፤ አንዳንድ ጸሐፊዎችም እሷን ከመስኮት ሲያዩ በጓሮ በር መውጣት ጀምረዋል።